ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል መድኃኒት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

መኪና ፈላ ሲባል በከተማችን መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ቴርሞስታቱን አውጣና ጣለው» ነው። ቴርሞስታት ውሃው ወደ ራዲያተር የሚሄድበትን መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋ ቫልቭ ነው። ያ ካልሠራ «ራዲያተር ቀይር» ይባላል። ከዚያ ቴስታታ (ከብሎኩ በላይ ያለው የሞተሩ ክፍል) ይወርዳል፤ ቴስታታው የወረደውም ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ምክር ሰበብ ነው። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ያሉን ዲኤክስ ኮሮላዎች፣ ሃይሉክሶችና ሚኒባሶች ገና ብዙ ዓመት እንደሚያገለግሉን ግልጽ ነው። ስለዚህ ክፍል እየቀያየሩ ከመሞከር ችግሩን መርምሮ ማግኘት ያዋጣል። ለምርመራው የሚያስፈልገው መሣሪያም ያን ያህል ውድ አይደለም።

ብዙ ጊዜ ከሚዘነጋው ነገር ልጀምር። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እዚህ ባቄላ ቶሎ የማይበስለው በዚሁ ምክንያት ነው። የአብዛኛው የቶዮታ ሞተር ቴርሞስታት ደግሞ በ82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራል፤ ደህና የሆነ ሞተር ሥራ ላይ ሲሆን ከ85 እስከ 95 ዲግሪ መሞቁ የተለመደ ነው። እንግዲህ በደጋ ከተማ ውሃው ሳይፈላ የሚቆየው በግፊት ብቻ ነው። ግፊቱን የሚይዘው ደግሞ የራዲያተሩ ክዳን ነው።

ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 88 የሚል ቁጥር ታትሞ ይገኛል። 0.9 በካሬ ሴንቲ ሜትር የሚያርፈው ኪሎ ግራም ነው፤ 88 ደግሞ ያው ግፊት በኪሎ ፓስካል ነው። የአዲስ አበባ አየር ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ስለሆነ፣ ጤነኛ ክዳን የጨመረበት ንጹሕ ውሃ እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ ከሞተ ግን ወደ 92 ይመለሳል። የ22 ዲግሪው ልዩነት በአንዲት ጎማና በአንድ ስፕሪንግ ላይ ነው የተንጠለጠለው። ጅቡቲ ወደብ ላይ ክዳኑ የሞተ መኪና ቢያንስ እስከ 100 ዲግሪ ይታገሣል። እንጦጦ ዳገት ላይ ያ ዕድል የለም።

ክዳን ሲመረመር የታችኛው ጎማ ተሰነጣጥቋል ወይ፣ ደርቋል ወይ፣ ቀለበት የመሰለ ጠባሳ አውጥቷል ወይ ተብሎ ይታያል። መሐሉ ላይ ያለችው ትንሽ ቫልቭ በጥፍር ስትሳብ መከፈት፣ ስትለቀቅ ተመልሳ መግጠም አለባት። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከፕላስቲኩ የውሃ መያዣ ውሃ ወደ ራዲያተር የምታስመልሰው እሷ ነች። ከተጣበቀች ሌሊቱን የላይኛው ማኒኮቶ (የራዲያተሩ የጎማ ቱቦ) ተጨምድዶ ያድራል፤ ጠዋት ጠፍጣፋ ማኒኮቶ ያየ ሰው ማኒኮቶውን ሳይሆን ክዳኑን ይጠርጥር። ግፊት መለኪያ ያለው ጋራዥ ከሆነ፣ አዲስ ክዳን ከ0.75 እስከ 1.05 ባለው ውስጥ መክፈት አለበት፤ ከ0.6 በታች የሚለቅ ክዳን ይጣላል። ገበያ ላይ የሚገኝ ክዳን ሁሉ ለሁሉም አንገት እንደማይሆንም ይታወቅ። ጆሮው ገጥሞ ቢዞርም ስፕሪንጉ የአንገቱን ወለል ካልነካ ግፊት አይዝም። ስለዚህ ከሶማሌ ተራ ክዳን ሲገዛ አሮጌውን ይዞ ሄዶ ጎን ለጎን ጥልቀቱን ማስተያየት ይሻላል።

ክዳን የሚከፈተው ሞተሩ በእጅ ሲነካ የማያቃጥል ሲሆን ብቻ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ፊታቸው የሚቃጠል ሰዎች ግን አሁንም አሉ።

ከክዳኑ ቀጥሎ ሙቀቱ መቼ ነው የሚጨምረው የሚለው ጥያቄ ይመጣል። መካኒኩ ይህን ሳይጠይቅ ቁልፍ ካነሳ ደንበኛው ራሱ ይንገረው። ጎዳና ላይ በ80 ሲነዳ ደህና ሆኖ መገናኛ ወይም ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ሲቆም ሙቀቱ የሚወጣ መኪና አየር ነው ያጣው፤ ፋን ነው የሚታየው። በተቃራኒው በከተማ ደህና ሆኖ ዳገት ወይም ረጅም መንገድ ሲይዝ የሚሞቅ ከሆነ የውሃው ዝውውር ነው የተበደለው፦ የተደፈነ ራዲያተር፣ ምላሱ የተበላ የውሃ ፓምፕ፣ ወይም የሚጨመደድ የታችኛው ማኒኮቶ። በተነሳ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ቀዩ ላይ የሚደርስ መኪና የተዘጋ ቴርሞስታት፣ የተቃጠለ ጋስኬት (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለ ማሸጊያ)፣ ወይም የሚዋሽ ጌጅ (የሙቀት ማሳያ) አለው። ጠዋት እስከ ቢሮ ድረስ ጌጁ የማይንቀሳቀስለት ደግሞ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቷል፤ ካልሆነም አንድ ሰው አውጥቶታል።

እዚህ ላይ ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። «ቴርሞስታት ለብርድ አገር ነው» የሚለው አባባል ስህተት ነው። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ ነው ያለው። ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ይከፍታል፤ በዚያው እንቅስቃሴ ከግርጌው ያለችው ሳህን ውሃው ራዲያተር ሳይነካ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን አቋራጭ ትዘጋለች። ቴርሞስታቱ ሲወጣ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ውሃ መንገድ የሚቀለውን ስለሚመርጥ፣ የፈላው ውሃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ውጤቱም ጠዋት ከሚገባው በላይ የሚቀዘቅዝ፣ ዳገት ላይ ግን ከበፊቱ ብሶበት የሚፈላ መኪና ነው። የቶዮታ የጥገና መጻሕፍት ራሳቸው እንዲህ ዓይነት ሞተር ቢሞቅም ቴርሞስታቱ እንዳይወጣ፣ ከወጣ የማቀዝቀዝ አቅሙ እንደሚቀንስ በማስጠንቀቂያ ጽፈውታል። መሐሉን ቆርጦ ቀለበቱን ብቻ መመለስም ያው ነው፤ አቋራጩን የሚዘጋው ነገር አብሮ ተቆርጧልና።

በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ደግሞ ሌላ ኪሳራ አለ። ኢንጀክተር ያለው ሞተር ቅዝቃዜ ሲሰማው ቤንዚን ያበዛል። ሞተሩ 60 ዲግሪ ላይ ከዋለ ቀኑን ሙሉ እያበዛ ይውላል፤ ከሲሊንደር የሚያልፈው ቤንዚንም ዘይቱን ያቀጥነዋል። «መኪናዬ ነዳጅ በላች» የሚል አቤቱታ ከቴርሞስታት የሚነሳበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ቴርሞስታት ደህና መሆኑን ማወቅ ቀላል ነው። ቀጭን ክር በቫልቩ አፍ ላይ አስነክሶ በክሩ ድስት ውስጥ ማንጠልጠል፣ ቴርሞሜትር አጠገቡ ማድረግ፣ ሁለቱም የድስቱን ግርጌ እንዳይነኩ መጠንቀቅ። ውሃው ቀስ ብሎ ሲሞቅ ቴርሞስታቱ ከክሩ ለቆ የሚወድቅበት ዲግሪ የመክፈቻው ዲግሪ ነው። 82 የተጻፈበት ከ80 እስከ 84 ባለው ውስጥ መልቀቅ አለበት። የጥገና መጽሐፉ ቀጥሎ በ95 ዲግሪ ቢያንስ 8 ሚሊ ሜትር ይከፈት ይላል። አዲስ አበባ ላይ ግን ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ላይ ፈልቶ ያበቃል፤ 95 የሚባል ነገር አይደርስም። በዚህ ምክንያት «በደንብ አልተከፈተም» ተብለው የሚጣሉ ደህና ቴርሞስታቶች አሉ። ትክክለኛውን ለማየት ግማሽ ኩላንት (የራዲያተር ፈሳሽ) ግማሽ ውሃ ማፍላት ነው፤ ድብልቁ እዚህ ከፍታ ላይ 98 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ኩላንት መርዝ ስለሆነ ድስቱ ከዚያ በኋላ ወደ ማዕድ ቤት አይመለስም፤ ሥራውም አየር በሚገባበት ቦታ ይሁን። ሲገጠም የአየር ማስወጫዋ ትንሽ ቀዳዳ ወደ ላይ ትዙር። ወደ ታች ከዞረች አየር ታፍኖ ይቀርና አዲሱ ቴርሞስታት በከንቱ ይወቀሳል።

ፋንን በተመለከተ ኮሮላና ሚኒባስ ይለያያሉ። በአሮጌ ኮሮላ ላይ ፋኑን የምታዘው የሙቀት ስዊች ስትቀዘቅዝ የተዘጋች ናት፤ 93 ዲግሪ ሲያልፍ ትከፈትና ፋኑ ይነሳል፤ ከ83 በታች ሲወርድ ትዘጋና ይቆማል። ስለዚህ ቁልፍ ኦን ላይ ተደርጎ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ የስዊቿ ሶኬት ሲነቀል ፋኑ መዞር አለበት። ከዞረ የፋኑ ሞተር፣ ፊውዙና ሪሌው ደህና ናቸው፤ ጥፋቱ የስዊቿ ነው ወይም ውሃው እሷ ጋ አልደረሰም። ካልዞረ ከባትሪ በቀጥታ ገመድ ወስዶ የፋኑን ሞተር መሞከር ነው። በብዙዎቹ የአውሮፓ ሥሪቶች አሠራሩ ተቃራኒ ነው፤ እነሱ ላይ ሁለቱን ገመድ ማገናኘት ነው ፋኑን የሚያስነሳው። ይህን ሳይለይ የኮሮላን ገመድ አገናኝቶ «ፋኑ ሞቷል» የሚል መካኒክ ሞልቷል።

የፋን ሞተር ከተቀየረ በኋላ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ተገላብጦ ፋኑ ወደ ፊት የሚነፋበት ጊዜም አለ። ወረቀት ከራዲያተሩ ፊት ሲያዝ ተስቦ መለጠፍ አለበት፤ ከተገፋ ገመዱ ይገልበጥ።

ሃይሉክስና ሚኒባስ ላይ ፋኑ በቺንጋ (በሞተሩ ቀበቶ) ይዞራል፤ መሐሉ ላይ ወፍራም የሲሊኮን ዘይት ያለው ክላች አለ። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ በእጅ ሲዞር ከብዶ መቆም አለበት። እንደ ልቡ የሚሽከረከር ከሆነ፣ ወይም ከመሐሉ የቅባት ጨረር ወጥቶ አቧራ ከያዘ አልቋል። በራዲያተሩና በፋኑ መካከል ያለውን የፕላስቲክ ከለላ ለሥራ እንዲመች አውልቀው የማይመልሱ አሉ። ያለሱ ፋኑ በጎን ያለውን ትኩስ አየር ነው የሚያዞረው። ቺንጋው በ10 ኪሎ ኃይል ሲጫን ከ8 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ቢጎብጥ ለአብዛኞቹ ይበቃል።

የውሃ ፓምፑ ከዘንጉ በታች ትንሽ ቀዳዳ አለው። ከዚያ የወጣ የነጠብጣብ ዱካ፣ የአረንጓዴ ወይም የዝገት ጨረር፣ ውስጡ ያለው ማኅተም መሄዱን ይናገራል። ቀዳዳውን በማጣበቂያ መድፈን ውሃውን ዘንጉን ወደሚሸከመው ኩሽኔታ መላክ ነው። የታችኛው ማኒኮቶ ደግሞ ውስጡ ስፕሪንግ ሊኖረው ይችላል። ስፕሪንጉ በዝገት ካለቀ፣ አንድ ሰው ጋዝ ሲሰጥ ማኒኮቶው ሲጨመደድ በዓይን ይታያል፤ ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይሰጥ) ግን ምንም አያሳይም።

ራዲያተር ሲጠረጠር መጀመሪያ ከውጭ ይታጠብ። በአቧራና በገለባ የተደፈነ ክንፍ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት በቀስታ ውሃ ይታጠባል፤ በጉልበት የሚወረወር ውሃ ክንፎቹን ያጣምማል። ውስጡን ለማየት ሞተሩ ሞቆ ሲጠፋ፣ የፋኑ ሶኬት ተነቅሎ (ቁልፍ ከተዘጋ በኋላም የሚነሳ ፋን አለ)፣ በሌዘር ቴርሞሜትር ፊቱን መቃኘት ነው። በአካባቢው ካለው ይልቅ ቀዝቅዞ የሚገኝ ቦታ ቱቦው ተደፍኗል። የመዳብ ራዲያተር ጣሳው ተነስቶ በሽቦ ይጠረጋል፤ ጣሳው ፕላስቲክ የሆነው የአልሙኒየም ራዲያተር ግን ቢጠረግም አይረባ፣ ይቀየራል። ፍሳሽ የሚያደፍነው ዱቄት ፍሳሹን ሲያደፍን ጠባቦቹን ቱቦዎችም አብሮ ያደፍናል፤ ከመንገድ ላይ አደጋ ውጭ አልመክረውም።

የደፈናቸው በአመዛኙ ውሃው ነው። «እዚህ አይበርድም፣ ምን ኩላንት አስፈለገ?» ይባላል። ኩላንት ግን ዝገት ይከላከላል፣ መፍሊያውን ከፍ ያደርጋል፣ የፓምፑን ማኅተም ያለሰልሳል። ቴስታታው አልሙኒየም፣ ብሎኩ ብረት በሆነ ሞተር ውስጥ ተራ ውሃ አልሙኒየሙን ይበላል። የጉድጓድ ውሃ፣ በተለይ የስምጥ ሸለቆው፣ ማዕድን ስለሚበዛበት ቅርፊት ይሠራል። አረንጓዴ ያለ ሁሉ ኩላንት አይደለም፤ የኩላንት ሃይድሮሜትር መጠኑን በአንድ ደቂቃ ያሳያል። ግማሽ ኩላንት ከግማሽ የተጣራ ውሃ ጋር ተደባልቆ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። 1.6ቱ የኮሮላ ሞተር 6 ሊትር ገደማ ይይዛል። ሲለቀቅ ራዲያተሩን ብቻ ሳይሆን የብሎኩንም ቡሎን መክፈት ያስፈልጋል፤ ካልተከፈተ ከአሮጌው ውሃ ጥሩ ክፍል እዚያው ይቀራል።

ጌጁ ራሱ መመርመር አለበት። የአሮጌ ቶዮታ ሴንሰር አንድ ገመድ ነው ያለው። ገመዱ ሲነቀል መርፌው ወደ ቀዝቃዛው መውረድ አለበት፤ ገመዱ በ3.4 ዋት አምፖል በኩል ሻንሲ (የመኪናውን ብረት) ሲነካ ወደ ላይ መውጣት አለበት። ሁለቱ ከሆኑ ጌጁ ደህና ነው፤ ሴንሰሩ ይታይ። ሴንሰሩ ሲገጠም ጥርሱ ላይ ብዙ ቴፕ ከተጠቀለለ ሻንሲ ስለሚያጣ አሳንሶ ያነባል። ዋነኛው ማስጠንቀቂያ ግን ይህ ነው፦ ዳገት ላይ ከፍ ብሎ የነበረ መርፌ በድንገት ቢወርድ መኪናው ቀዘቀዘ ማለት ላይሆን ይችላል። ሴንሰሩ ውሃ ካልነካ ሙቀቱን በትክክል አያነብም። ያኔ ማቆም ነው።

ውሃ እየጎደለ ፍሳሽ የማይታይ ከሆነ በቀዝቃዛ ሞተር ላይ የግፊት ፓምፕ ተገጥሞ እስከ 1.2 ይነፋል። ግፊቱ ከወረደ፣ ውጭ እርጥበት ካለ ተገኝቷል፤ ውጭ ደረቅ ከሆነ ውሃው ወደ ውስጥ እየሄደ ነው፤ የሂተሩ ራዲያተር ከምንጣፉ ሥር ያፈሰሰ እንደሆነም ይዳሰስ። የቴስታታ ጋስኬት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ ቀዝቃዛ ሞተር በተነሳ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ማኒኮቶ እንደ ድንጋይ መጠንከሩ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ሳያቋርጥ አረፋ መውጣቱ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይቆም ነጭ ጭስ፣ ወተት የመሰለ ዘይት። የዘይት ክዳን ሥር ብቻ የሚታይ ነጭ ቅባት በአጭር ጉዞና በብርድ ጠዋት ከእንፋሎትም ይመጣልና በእሱ ብቻ ቴስታታ አይውረድ። በራዲያተሩ አፍ ላይ ያለውን አየር በሰማያዊ ፈሳሽ ውስጥ የሚያሳልፍ መመርመሪያ አለ፤ ፈሳሹ ቢጫ ከሆነ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ይህ ሳይደረግ ሞተር ማውረድ ግምት ነው። ቴስታታው ከወረደ ደግሞ በቀጥታ ማስመሪያና በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለካ ስስ ብረት) ይለካ፤ የ4ኤ ኤፍኢ (የ1.6ቱ ኮሮላ) ሞተር በብሎኩ በኩል ከ0.05 ሚሊ ሜትር በላይ መጉበጥ አይፈቀድለትም። አዲስ ጋስኬት በጎበጠ ፊት ላይ መግጠም በወሩ መመለስ ነው።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ አሽከርካሪ የሚፈተነው በመውጫው ነው። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ በትንሽ ፍጥነት፣ በሙሉ ጋዝ፣ በሞቃት አየር ይወጣል፤ የሚያቀዘቅዝ ነፋስ የለም። ማርሽ ቀንሶ ሞተሩን ቀለል አድርጎ ማዞር ፓምፑንም በቺንጋ የሚዞረውን ፋንም ያፈጥናል፤ በከፍተኛ ማርሽ እያቃሰቱ መውጣት ሁለቱንም ያደክማል። ኤሲ ይጥፋ፤ የሂተሩ የውሃ መስመር ካልተደፈነ ሂተሩ እስከ መጨረሻ ይከፈት። መርፌው ካልወረደ ዳር ይዞ መቆም፤ ውሃ እየወጣ ካልሆነና ቺንጋው ካልተበጠሰ ሞተሩ ትንሽ በሚኒሞ ይሥራ፤ ከዚያ ይጥፋ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ብሎክ ይሰነጥቃል፣ ቴስታታ ያጎብጣል።

ከማንኛውም ሥራ በኋላ አየር ማስወጣት አለ፤ አዲስ የተጠገነ መኪና በማግስቱ የሚፈላው ብዙ ጊዜ ይህ ሳይደረግ ቀርቶ ነው። አፍንጫው ወደ ላይ እንዲሆን ተዳፋት ላይ ማቆም፣ ሂተሩን ሙቅ ላይ ማድረግ፣ ክዳኑ ተከፍቶ በቀስታ መሙላት፣ ሞተሩን በሚኒሞ አስነስቶ ቴርሞስታቱ እስኪከፈት መጠበቅ። የላይኛው ማኒኮቶ በድንገት ሲሞቅ ተከፍቷል። ማኒኮቶውን ጨመቅ ጨመቅ እያደረጉ የጎደለውን መሙላት፣ ክዳኑን መግጠም፣ የፕላስቲኩን የውሃ መያዣ በሎውና በፉል ምልክቶቹ መካከል ማድረግ። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ እንደገና ይታይ፤ ትንሽ መውረዱ የተለመደ ነው። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ የሚወርድ ከሆነ ወደ ግፊት ምርመራው መመለስ ነው።

የተለቀቀውን አሮጌ ኩላንት በጋራዡ በር ባለው ቦይ የሚያፈስሱ ደግሞ ይተዉ። ጣዕሙ ስለሚጣፍጥ ውሻም ሕፃንም ይቀምሰዋል፤ ጥቂቱም ኩላሊት ይገድላል። በክዳን በሚዘጋ ጀሪካን ተለይቶ ይቀመጥ፣ ላዩ ላይም ይጻፍበት።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የመኪና ጥገና ባለሙያ
አዲስ አበባ